ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በውጭ አገር መኪና ስለ መከራየት የተደረገ ንግግር)



  ከአባላት መካከል በሥራውም ሆነ በኑሮው ያወቀውን ነገር ለሌላው ያካፍል በተባለው መሠረት፣ ዘንድሮ ተራው ለእኔ ደርሷል።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ነገር ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የስምሪት ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። መኪና ሲወጣና ሲገባ መመዝገብ፣ ኪሎ ሜትር ማንበብ፣ የነዳጅ ኩፖን መቁጠር፣ ሹፌር ከሹፌር ሲረካከብ ማስፈረም የዕለት እንጀራዬ ነበር። ከጡረታ በኋላም ልጆቼ ዘንድ ወደ አሜሪካ ተመላልሼ፣ እዚያ መኪና እንዴት እንደሚከራዩ ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ስለ መኪና ወረቀት ብናገር የማያውቀውን ደፈረ አትሉኝም።

«ታዲያ የመኪና ኪራይ ለዕድር ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ከመካከላችን ልጅ ወይም ወንድም ውጭ አገር የሌለው ሰው ጥቂት ነው። እናቶች አራስ ሊጠይቁ ይሄዳሉ። አባቶች ለምርቃትና ለሠርግ ይጠራሉ። ሞት ደግሞ ቀጠሮ የለውም፤ አንዱ በሌላ ስቴት ሲያርፍ ዘመድ ሁሉ ተጠራርቶ ለቀብር ይነሣል። እዚያ አገር እንደ እኛ ሰፈር ወጣ ብሎ ታክሲ መያዝ የለም፣ መንገዱም ሩቅ ነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ ኦሃዮ ኮሎምበስ ለመድረስ ብቻ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ሰው ይሰበሰብና አንድ ትልቅ መኪና ይከራያል። ልቅሶ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ወረቀት የሚያነብበት ልብ የለውም። እኔም ይህን ርዕስ የመረጥኩት ወረቀቱን በደኅና ጊዜ እንድናውቀው ብዬ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? የመኪና ኪራይ ነገር ሁሉ በጽሑፍ ያለው ነው። በቃል የተባለው አይቆጠርም።

ስለ ሥራው አጀማመር ጥቂት ልበል። በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ዋልተር ጄከብስ የሚባል ወጣት እ.ኤ.አ. በ1918 ዓ.ም. አሥራ ሁለት የፎርድ መኪኖች ይዞ ማከራየት ጀመረ። በ1923 ድርጅቱን ጆን ኸርትዝ ገዛውና ዛሬ የምናውቀው የኸርትዝ ስም ከዚያ መጣ። በጀርመን ሙኒክ ደግሞ የሲክስት ድርጅት ከዚያም ቀድሞ በ1912 በሦስት መኪና ተጀምሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ዋረን ኤቪስ የተባለ በአየር ኃይል ያገለገለ ሰው፣ መንገደኛ ከአይሮፕላን ሲወርድ መኪና እንደማያገኝ ተመልክቶ በዲትሮይት አጠገብ ባለው አይሮፕላን ማረፊያ ኪራይ ቤት ከፈተ። ልብ በሉ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የዚህ ሥራ ዋና ደንበኛ ከአይሮፕላን የወረደ፣ እንቅልፍ ያጣና የቸኮለ ሰው ነው። ወረቀቱም የሚቀርብለት በዚያች ሰዓት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መዘጋጀት ያለብን ከቤታችን ሳንወጣ ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በሁሉም አገር አንድ ዓይነት ሰሌዳ ስለ ተሰቀለ ድርጅቱ አንድ ነው ማለት አይደለም። በብዙ አገር በዚያ ስም የሚሠራው ስሙን በውል የወሰደ የአገሩ ነጋዴ ነው። ስለዚህ በአንዱ አገር ያየነው ውል በሌላው አገር ይሠራል ብለን አንመን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

1ኛ/ ስለ ሰነድ። ተከራዩ ፓስፖርት፣ የጸና መንጃ ፈቃድና በራሱ ስም የወጣ የባንክ ካርድ ይጠየቃል። የእኛ መንጃ ፈቃድ እንግሊዝኛ ቢኖርበትም፣ ብዙ አገር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚባለውን ይጠይቃል። ይህ በ1949 የጄኔቫና በ1968 የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች መሠረት የሚሰጥ፣ የአገር ቤቱን ፈቃድ በብዙ ቋንቋ የሚተረጉም ደብተር ነው። ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ዋናው ፈቃድ አብሮ መኖር አለበት። መንጃ ፈቃድ ከሰጠን አገር፣ ሥልጣን ካለው ክፍል ነው የሚወጣው። በኢንተርኔት እየታተመ የሚሸጠው ወረቀት ገንዘብ ከመብላት በቀር የሚሠራው ነገር የለም።

የስም ነገር በተለይ ለእኛ አስቸጋሪ ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ሲል፣ በፓስፖርታችን መጨረሻ ላይ የተጻፈውን የአባት ወይም የአያት ስም ይይዛል። ባንኮኒው ላይም የሚጠሩን በዚያ ነው። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሌላ ፊደል፣ ካርዱ ላይ አያት ተዘልሎ ከሆነ ሠራተኛው አንድ ሰው መሆናችንን አያውቅም። ቦታ ስታስይዙ ስሙን ልክ በፓስፖርቱ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ጻፉት።

ካርዱን በተመለከተ፣ ጥሬ ገንዘብ ይዘን «እንካ ቍጠር» ብንል ብዙዎቹ አይቀበሉም። ከኪራዩ ሌላ በካርዱ ላይ መያዣ የሚሆን ገንዘብ ያስራሉ። መኪናው ሲመለስ ይፈታል፤ ለመፈታት ግን ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ በካርዱ ላይ ያለችው ገንዘብ ለምግብም ለመኝታም የታሰበች ከሆነች መንገደኛው ባዶ እጁን ይቀራል። ዕድሜም ይጠየቃል፤ ከ25 ዓመት በታች የሆነ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይከፍላል። በአንዳንድ አገር ደግሞ በዕድሜ ለገፋ ሹፌርም ገደብ ያለው ድርጅት አለ። ዕድሜ ጠገቦች ቀድማችሁ ጠይቁ።

2ኛ/ ስለ ዋጋ። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ዋጋ የመኪናው ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል በቀን 40 ዶላር ለአምስት ቀን 200 ነው እንበል። ጉዳት ቢደርስ ላለመጠየቅ በቀን 30 ሲጨመር 150፣ ለሁለተኛ ሹፌር በቀን 12 ሲጨመር 60፣ ግብርና የአይሮፕላን ማረፊያው ክፍያ 70 ቢሆን፣ ድምሩ 480 ዶላር ይሆናል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ነው የጠቀስኩት፤ በየአገሩና በየወቅቱ ይለያያል። የአካሄዱ መልክ ግን ይኸው ነው። የሕፃን መቀመጫ፣ ከአንድ ከተማ ተከራይቶ በሌላ ከተማ መመለስ፣ ከተወሰነ ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት፣ እነዚህም እየተጨመሩ ይሄዳሉ። «ሁሉም ተደምሮ፣ መኪናውን እስክመልስ ድረስ ስንት ነው?» ብላችሁ መጨረሻውን አስጽፉ።

ቀኑም የሚቆጠረው ከተረከብንበት ሰዓት ጀምሮ 24 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የእኛን ሰዓት እንዳትቆጥሩ! ወረቀቱ ላይ ጠዋት 10 ሰዓት ከተባለ፣ በእኛ 4 ሰዓት ነው። የቀኑ አጻጻፍም ያሳስታል። 04/05 ተብሎ ቢጻፍ በአሜሪካ ኤፕሪል 5 ነው፣ በአውሮፓ ሜይ 4 ነው። በስምሪት ክፍል ሳለሁ የወሩን ስም በፊደል ነበር የማስጽፈው፤ እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

3ኛ/ ስለ መድን። ይህ ዋናው ስለሆነ ጥቂት ታገሡኝ። በአገራችን በአዋጅ ቍጥር 799/2005 መሠረት ማንም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ አይወጣም። በአውሮፓም ሦስተኛ ወገን ግዴታ ስለሆነ በኪራዩ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ግን እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ከመኪናው ጋር የሚመጣው ሽፋን ቢኖርም ትንሽ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የፌዴራል ሕግም አለ። አከራዩ የራሱ ጥፋት ከሌለበት፣ የመኪናው ባለቤት በመሆኑ ብቻ ተከራዩ በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት አይጠየቅም ይላል። እንግዲህ የተጎዳው ሰው የሚከሰው ማንን ነው? መሪውን የያዘውን ነዋ! እዚያ የሚኖሩ ልጆቻችን በራሳቸው መኪና ላይ የገቡት መድን ለኪራይ መኪናም ሊያገለግላቸው ይችላል። ከአገር ቤት የሄደ እንግዳ ግን ይህ የለውም። ስለዚህ በሌላው ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነውን ሽፋን ለብቻው መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ዓይነት በራሱ በተከራዩት መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። ይህ በአሜሪካ መድን ሳይሆን፣ አከራዩ «አልጠይቅህም» ብሎ የሚገባው ቃል ነው። በአውሮፓ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኪራዩ ውስጥ ቢኖርም እስከ ተወሰነ ገንዘብ ድረስ ከተከራዩ ኪስ ነው የሚወጣው። ጎማ፣ መስታወት፣ ጣራና የመኪናው ሆድ ብዙ ጊዜ አይካተቱም። ሙሉ ሽፋን የሚለው ቃል አያታልላችሁ። «ምን ምን አይሸፍንም?» ብላችሁ ጠይቁ።

4ኛ/ ስለ ሹፌር ስም። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ይህን ያዙ። ስሙ በውሉ ላይ ያልተጻፈ ሰው መሪ አይንካ!

ስማቸውን አላነሣም እንጂ የደረሰባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። በአሜሪካ አንድ ጎልማሳ ሁለት ትንንሽ ልጆች ጥሎ አረፈ። ዘመዶቹ ከሩቅ ከተማ ትልቅ መኪና ተከራይተው ለቀብር ሄዱ። በውሉ ላይ የተጻፈው ያስፈረመው አንዱ ብቻ ነበር። ሲመለሱ ሌሊት ሆነ፣ ሹፌሩም ሦስት ቀን ልቅሶ ላይ ስለነበር ዓይኑ ተከደነበት። አጎቱ ልጅ «አንተ ትንሽ ተኛ» ብሎ መሪውን ያዘ። ምን ክፋት አለው? በእኛ ባህል ደግነት ነው። ነገር ግን ከመንገዱ ዳር ካለው ብረት ጋር ተላተሙ። ተመስገን፣ ሰው አልሞተም። መኪናው ግን ከጥቅም ውጭ ሆነ። አከራዩ ወረቀቱን አወጣና፣ ያልተመዘገበ ሰው ስለነዳው የተገዛው ሽፋን ሁሉ ፈርሷል አለ። የመኪናው ዋጋ፣ መጎተቻው፣ መኪናው ሥራ ፈትቶ የቆመበት ቀን ሳይቀር በተከራዩ ላይ ተጻፈ። ዕዳው ሲበዛበት ያ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ለሟቹ ልጆች ማሳደጊያ ተብሎ ከየቤቱ የተዋጣው ገንዘብ በእጁ ነበርና ግማሹ ወደዚያ ሄደ። ዘመድ ከዘመድ ተቀያየመ። ልጆቹ አባታቸውንም የአባታቸውንም መርጃ አጡ። ሁለተኛውን ስም ለማስጻፍ የሚከፈለው ጥቂት ዶላር ነበር።

እኛ የዕድር ሰዎች ይህ ይገባናል። በመዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ምንም ደግ ቢሆን ከሣጥኑ አይከፈለውም። በዚያም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ረጅም መንገድ ሲሆን ሁለት ሹፌር አስመዝግቡ። ሁለቱም መንጃ ፈቃዳቸውን ይዘው ባንኮኒው ላይ ይቁሙ። በአንዳንዱ ድርጅት ለባል ወይም ለሚስት በነፃ ይጻፋል፤ ቢሆንም ጠይቆ ማረጋገጥ ነው። መኪናው ድንበር የሚሻገር ከሆነም እንደዚሁ ቀድሞ ይነገር፣ ፈቃዱም ይጻፍ።

5ኛ/ ስለ ርክክብ። ይህ የእኔ ሙያ ነው። በእኛ ጊዜ ሹፌር መኪና ሲረከብ ጭረት ካለ «ቀድሞ የነበረ» ብዬ ካልጻፍኩለት ሲመልስ በእርሱ ላይ ይቆጠራል። ዛሬም በዓለም ሁሉ ሕጉ ይኸው ነው። ቁልፉን ከያዛችሁ በኋላ ዞር ዞር በሉ። ፓራውልቱን የፊትም የኋላም፣ ስፖኪዮውን፣ ፍሬቻውን፣ ቸርኬውን፣ መስታወቱን፣ የውስጥ ወንበሩን እዩ። ስኮርት ጎማና ክሪክ መኖራቸውን ጠይቁ፤ በብዙ አዳዲስ መኪና ስኮርት ጎማ የለም። የነዳጅ መለኪያውንና ኪሎ ሜትሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ያያችሁትን ጭረት ሁሉ በወረቀቱ ላይ አስጽፋችሁ ሠራተኛው ይፈርምበት። «ይህቺ ቀላል ናት፣ ግድ የለም» ቢላችሁ፣ «ግድ ከሌለህ ጻፋት» በሉት። ካምቢዮውንም አትርሱ፤ አውሮፓ ውስጥ ባለ ፍሪሲዮን መኪና ሊሰጣችሁ ይችላል። አውቶማቲክ የለመደ ሰው አስቀድሞ ይናገር።

6ኛ/ ስለ መንገዱ። እንግሊዝ፣ ኬንያና ደቡብ አፍሪካ በግራ ነው የሚነዳው። እኛም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበርን፤ አሁን ግን እጃችን ቀኙን ለምዷል። በግራ አገር የመጀመሪያው ቀን በተለይ አደባባይ ላይ ያስፈራል፤ ደክሞ ከአይሮፕላን የወረደ ሰው ያን ዕለት ባይነዳ ይመረጣል። በአሜሪካና በእንግሊዝ የፍጥነት ሰሌዳው በማይል ነው፤ 65 ቢል ወደ 105 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ነዳጅ በአሜሪካ በጋሎን ይሸጣል፤ አንዱ ወደ 3.8 ሊትር ይሆናል። ቀለምም አትመኑ። በአሜሪካ በብዙ ማደያ አረንጓዴው እጀታ የናፍጣ ነው፤ በእንግሊዝ ግን አረንጓዴው ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍጣ ነው። በስሕተት የተቀዳ ነዳጅ የሚያመጣውን ጉዳት ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

የመንገድ ክፍያም አለ። በብዙ አውራ ጎዳና ገንዘብ ተቀባይ የለም፣ ካሜራ ሰሌዳውን አንሥቶ ሒሳቡን ለአከራዩ ይልካል። ለንደን ከ2003 ጀምሮ መሐል ከተማ በተወሰነ ሰዓት የገባን ያስከፍላል። በኢጣልያ ከተሞች ደግሞ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባባቸው የቆዩ ሰፈሮች አሉ። መንገደኛው ሳያውቅ ገብቶ ይወጣል፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ ይደርሰዋል፣ አከራዩም አድራሻ የነገርኩበት ብሎ የራሱን ይጨምራል። ያኔ እኛ አገራችን ገብተናል፣ ካርዱ ግን እዚያው ተመዝግቧል።

7ኛ/ ስለ አደጋ። በእኛ አገር ሁለት መኪና ሲነካካ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ «ይህን ያህል ከፍለህ ታረቁ» ይባላል፣ አለቀ። በኪራይ መኪና ይህ አይሠራም! ለአከራዩ ሳይነገር መንገድ ላይ የተደረገ ዕርቅ ሽፋኑን ሊያፈርስ ይችላል። ቆማችሁ፣ ሰው ከተጎዳ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ 112 ደውሉ። የሌላውን ሰው ስም፣ ሰሌዳና የመድን ወረቀት መዝግቡ፣ ፎቶ አንሡ፣ የፖሊስ ወረቀት ጠይቁ፣ ከዚያም በውሉ ላይ ወዳለው ስልክ ንገሩ። ከቦታው ጥሎ መሄድ ትልቅ ወንጀል ነው።

8ኛ/ ስለ መመለስ። ነዳጁን እንደተረከባችሁት ሞልታችሁ፣ የቀዳችሁበትን ደረሰኝ ያዙ። በሥራ ሰዓት መልሱ፣ ሠራተኛ መኪናውን ዞሮ አይቶ ይፈርምላችሁ። ቁልፍ በሣጥን ጥሎ መሄድ ቀላል ቢመስልም፣ ሌሊት የሚደርሰው ጭረት የማን እንደሚባል እናንተው ገምቱ። የተዘጋውን ሒሳብ ወረቀት ቢያንስ ለአንድ ዓመት አትጣሉት።

እንግዲህ ነገሬን ላሳጥር። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የኪራይ መኪና የሰው ንብረት ነው፣ በውስጡ የሚሳፈረው ግን የእኛ ሰው ነው። ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከአባላት ውጭ አገር የሚሄድ ሲኖር ወይም ልጆቻችን ለቀብር ሲነሡ፣ ከተሰበሰቡት መካከል አንድ ሰው «የወረቀት ኃላፊ» ተብሎ ይመደብ። ይህ ሰው አያሽከርክር፣ ከልቅሶውም ጥቂት ገለል ይበል። ውሉን ያንብብ፣ የሹፌሮቹን ስም ያስጽፍ፣ ፎቶውን ያንሣ፣ ደረሰኙን ይያዝ። የልቅሶው ገንዘብና የመኪናው ገንዘብም በተለያየ ሰው እጅ ይሁን። የሟች ልጆች የሚጠብቁት ገንዘብ የመኪና ዕዳ መክፈያ እንዳይሆን ከዚህ የተሻለ መላ አላየሁም።

 መንገደኞቻችንን በሰላም ያግባልን። ዕድራችን ይጽና።